ግድ ያለበት ሰው ዕጣ አይጥልም

ደብረ ታቦር፣ በእኛ ሰፈር፣ ለበዓል ቅርጫ ሲታረድ ሥጋውን የሚመድቡት አናጢው አያ ሙላቴ ናቸው። እንደ ጣውላ በዓይናቸው ለክተው ይቆርጣሉ። ስምንት ቤት ስለሆንን ስምንት መደብ በቅጠል ላይ ይደረደራል፤ ከጉበቱም ከሻኛውም ለሁሉም ይደርሳል። ከዚያ እያንዳንዱ ቤት አንድ ምልክት፣ ጠጠርም ሆነ ቅጠል፣ ባርኔጣ ውስጥ ይጨምራል። አያ ሙላቴ ፊታቸውን አዙረው አንድ አንዱን እያወጡ በየመደቡ ላይ ይጥላሉ።

የራሳቸው ምልክትም እዚያው ባርኔጣ ውስጥ ነው። ቢሆንም በሃያ ዓመት አንድም ሰው ተጠራጥሯቸው አያውቅም፤ ለሚደርሳቸው ግድ የላቸውማ። ባሏ የሞተባት ጎረቤታችን እመቤት አንድ ጊዜ፣ «አያ ሙላቴ፣ እስቲ ለእኔ ቤት ትንሽ ስብ ጣል ያድርጉልኝ» ብትላቸው፣ «የትኛው ያንቺ እንደሆነ በምን አውቄ?» አሏት። «እኚህ ግድየለሽ!» ብላ ሄደች።

ግድየለሽነት ለእኔ ስድብ ብቻ ነበር። ቃሉን ፈትቼ ሳየው ገረመኝ። መነሻው ግድ ነው፤ ግዴታም መገደድም የሚወለዱበት፣ ሰውን አንቆ የሚጎትት ነገር። ግድ የሌለው ሰው ማለት እጁን የሚጎትትበት ነገር የሌለው ሰው ነው። ለካ በቅርጫ ላይ ይህ ትልቅ ሹመት ኖሯል!

በዘንድሮው ፋሲካ ግን ነገር ተለወጠ። የአያ ሙላቴ ልጅ ትዝታ፣ ልጅ ለማግኘት ስምንት ዓመት ከጠበቀች በኋላ፣ በአባቷ ቤት ከተገላገለች ገና ሦስት ቀኗ ነው። ያማራት ቅልጥም ነው። ከበሬው የሚወጣው ትልልቅ ቅልጥም አራት፣ ቤቱ ስምንት፤ ቅልጥም የጎደለበት መደብ በምትኩ ሥጋ ይጨመርበታል።

ማለዳ፣ በአያ ሙላቴ ግቢ፣ መደቡ ተደርድሮ ምልክቱ ተሰበሰበ። አያ ሙላቴ እጃቸውን ባርኔጣው ውስጥ ከተቱና ቆሙ።

«አልችልም።»

«ምነው፣ አሞሃል?» አለ በሬውን ገዝቶ ያመጣው ይሻው።

«ዛሬስ ግድ አለብኝ። ልጄ ቅልጥም አምሯታል። እጄ ምልክቴን እየፈለገ ነው።»

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። «ታዲያ ውሰደዋ! አራስን ማን ይከለክላታል?»

«ያለ ዕጣ? እግዜር ያሳያችሁ! ግድ የሌለው ሰው ጥሩና እሱ ያውጣው።»

ከመንገዱ ማዶ ልብስ ሰፊው ሱልጣን ሱቁን ሲከፍት ታየን። እስላም ስለሆነ ከእኛ እርድ አይቀምስም፤ ከእሱ የተሻለ ከየት ይመጣል? ዕጣውን እንዲያወጣልን ስንጠራው «እንኳን አደረሳችሁ!» እያለ መጣ። ባርኔጣውን ገና ሲያይ ግን ሳቁ መጣበት።

«አያ ሙላቴ! ይቺን የእርስዎን የመላጊያ ፍቅፋቂ እኮ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃታል። የትዝታን የሠርግ ልብስ የሰፋሁት እኔ ነኝ፤ እጄ ያደላል። ይለውጡልኝ!»

አያ ሙላቴ ከልማድ የተነሳ የከተቷትን ፍቅፋቂ አፍረው አወጡ። ሱልጣን ወደ አጥሩ ዞሮ ሲቆም እሳቸው ኪሳቸውን ዳብሰው የጥድ ቅርፊት ጨመሩ።

ዕጣው ተጣለ። ቅርፊቷ ቅልጥም የሌለበት መደብ ላይ አረፈች።

«ዕጣ ነው» አሉ አያ ሙላቴ፤ ድምፃቸው ግን ቀጠነ።

ይሻው ከደረሰው መደብ ላይ ቅልጥሙን አንስቶ በአያ ሙላቴ አጠገብ አልፎ ወደ ቤታቸው ገባ። «ትዝታ! ይህ ከይሻው ነው፤ ከአባትሽ እንዳይመስልሽ!»

እመቤትም የደረሳትን ይዛ ተከተለችው። ሌላ አንድ ጎረቤትም ገባ። አራተኛው የደረሰው መልካሙ ብቻ፣ «ሦስት አይበቃትም እንዴ? እኔም አምሮኛል!» ብሎ የራሱን ጠበቅ አድርጎ ያዘ።

አያ ሙላቴ በራፉ ላይ ቆመው፣ «ኧረ ተዉ! ይህ እኮ በዕጣ የደረሳችሁ ነው!» ይላሉ።

«ታዲያ የደረሰንን ለማን እንደምንሰጥ እርስዎን ምን አገባዎት?» አለች እመቤት ከውስጥ። «ይልቅ እንጨት ይፍለጡልን፤ ድስቱ ተጥዷል!»

እልልታው ቤቱን ሞላው። አያ ሙላቴ መጥረቢያቸውን አንስተው፣ ጨቅላው እስኪነቃ ድረስ እየሳቁ ይፈልጡ ጀመር።