የወይራው ታኮ

የዚያን ቀን አህያ ፈጅ አቀበት ላይ የነበርነውን አንድ በአንድ እጠራለሁ፤ አሁን አሁን «እኔም ነበርሁ» የሚለው ሰው በዝቷልና። መሪው ላይ አባቴ ሞላ ነበር። ከጎኑ፣ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ፣ የወገዳው መካኒክ ሁሴን። በሬዎቹን የሚነዱት ጎረቤታችን አያ በላቸው። መስቀላቸውን ይዘው ከፊት ከፊት የሚሄዱት የንስሐ አባታችን አባ ወልደ ማርያም። እናቴ ጥሩነሽ ከአቀበቱ ጫፍ ላይ፣ ወገቧን በመቀነት ጥብቅ አድርጋ አስራ፣ ወደ ታች ታያለች። ሁለት በሬዎች ነበሩ፣ የእኛው ዳልቻና የአያ በላቸው ቀይ በሬ። ከሌሊቱ ጀምረው መንገዱን ሲደለድሉ የዋሉ የደቦ ሰዎች ነበሩ። ከመኪናዋ ኋላ ደግሞ፣ ከቀኙ ጎማ ሁለት ክንድ ርቄ፣ እኔ። ከዚህ ሌላ ሰው አልነበረም። ነበርሁ የሚል ካለ በየትኛው ጎማ በኩል እንደቆመ ይንገረኝ።

ልጅ እያለሁ ሰፈሩ ሁሉ የሚጠራኝ «ድንጉጧ» እያለ ነበር። ዶሮ ክንፏን ብታራግፍ እበረግጋለሁ። ወንዝ ስሻገር ድንጋዩን በዱላ ነካ ነካ አድርጌ ነው የምረግጠው። እሳት ዳፍኜ ከወጣሁ በኋላ ከደጅ ተመልሼ አየዋለሁ፤ ጥቂት ሄጄ እንደገና እመለሳለሁ። ልጆቹ ሲስቁብኝ ትልልቆቹ «ተዉአት፣ ፈሪ ለናቱ ነው» ይሉ ነበር። ለእኔ አዝነው ነው። ከልጆቹ ሳቅ ይልቅ የሚያመኝ ግን እሱ ነበር።

ቤታችን ከወገዳ ማዶ፣ ከአቀበቱ በላይ ነው። ወፍጮ የነበረው ወገዳ ብቻ ስለሆነ ሴቶቹ እህል ተሸክመው አህያ ፈጅን ይወርዳሉ፣ ወንዙን ይሻገራሉ፣ አስፈጭተው በዚያው መንገድ ይመለሳሉ። ጠዋት የወጣች ሴት ከብት ሲገባ ትደርሳለች። አቀበቱ ስሙን ያገኘው አህያ ከነጭነቱ እየጣለ ስለሚያስቀር ነው፤ ሴት ሲጥል ግን ስም ያወጣለት የለም። እናቴ አንድ ክረምት ከነእህሏ ተንሸራትታ ወደቀች፤ ከዚያ ወዲህ ወገቧ አልቃና አለ። ተራው ለእኔ ደረሰ። ሦስተኛ ክፍል ነበርሁ። እናቴ በአንድ ቀን የምትሸከመውን እኔ በሦስት ቀን ስለማመላልሰው፣ መጀመሪያ ከትምህርት ቤት አንዳንድ ቀን ቀረሁ፣ በኋላም ደብተሬ ቆጥ ላይ ወጣና በዚያው ቀረ። የትኩስ ዱቄት ሽታ ሌላውን ሰው ደስ ይለዋል። እኔ ግን ዛሬም ሲሸተኝ፣ ላብና ዱቄት ተላቁጦ ጀርባዬ ላይ ሲደርቅ ይሰማኛል።

መንደሩ አዋጥቶ ወፍጮ ገዝቶ ነበር። ሞተሩና ድንጋዮቹ ግን ወገዳ ከአንድ ነጋዴ መጋዘን ውስጥ ክረምቱን ከረሙ፤ መንገድ ስለሌለ እሺ የሚል ሾፌር ጠፋ። አባቴ በወጣትነቱ ሾፌር ነበር። ወገዳ ከአንድ አጥር ግቢ ውስጥ፣ ለሥራ መጥተው የሄዱ ሰዎች የተዉአት አሮጌ ላንድሮቨር ነበረች፤ ኋላዋ ክፍት፣ ቀለሟ የተላጠ፣ ወንበሯ ላይ ዶሮ የምትፈለፍልባት። አባቴ ከሁለቱ በሬዎቻችን አንዱን፣ ወይኖን፣ ሰጥቶ ወሰዳት። አንድ በሬ የቀረው ሰው ከጎረቤት ጋር መቀናጆ ነው የሚያርሰው፤ ስለዚህ ዳልቻን ከአያ በላቸው በሬ ጋር አጣመርነው። አያ በላቸውም ማሳው መሀል ቆመው፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ፣ «ሞላ በሬውን ሰጥቶ የዶሮ ቆጥ ገዛ። ዘንድሮ የሚያርሰው በእንቁላል ነው» አሉ።

እናቴ አልሳቀችም፣ አልተቆጣችምም። ማታ አባቴን አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው።

«ትወጣለች?»

«ትወጣለች።»

«እንግዲያው ልጅቱ ወደ ትምህርቷ ትመለሳለች።»

ይህን ከጓዳ ሆኜ ሰማሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ መኪናዋ የእኔ ጉዳይ ሆነች።

ሁሴን ያን ጊዜ ወጣት ነበር። የሚሠራው ከገበያው ጥግ፣ ከባሕር ዛፎቹ ሥር ነው። እኔ ወፍጮ ቤት እህሌን ተራ አስይዝና እሮጣለሁ፤ ከወለቀ ጎማ ላይ ተቀምጬ፣ ግራሶና ናፍጣ እየሸተተኝ፣ ሲፈቱና ሲገጥሙ አያለሁ። ሁሴን መኪናዋን «ባልቴቷ» ነበር የሚላት። ኃይሉን ወደ ፊት ጎማዎቿ የሚወስደው ዘንግ ተፈትቶ ተወስዶ ነበርና፣ ያለ እሱ በኋላ ጎማ ብቻ አህያ ፈጅ የሚታሰብ አልነበረም። ሁለት ገበያ ሙሉ ሲያጠያይቅ ከርሞ፣ የአንድ ገበሬ በረት መወርወሪያ ሆኖ አገኘው። ሰውየው «በሬዬን ሌባ ቢወስደውሳ?» ብሎ አልሰጥም አለ። አባቴ የወይራ መወርወሪያ ጠርቦ ወስዶ ለወጠው።

ከዚያ ወደ ከፍታዋ ዞሩ። ሆዷ ድንጋይ እንዳይነካው ከተሰበረ የጭነት መኪና ላይ የባሌስትራ ቅጠሎች፣ አካልን ከጎማ በላይ የሚሸከሙት ብረቶች፣ ተፈትተው በአህያ መጡና ከራሷ ባሌስትራ ጋር ተደረቡ። «ባልቴቷ ተረከዝ አደረገች» አለ ሁሴን። ወንዙን ስትሻገር ሞተሯ ውኃ እንዳይስብ፣ አየር የምትስብበትን አፍ በቀርከሃ ቱቦ ከጣሪያዋ በላይ አወጣው፤ መጋጠሚያውን በካላማዳሪያ፣ በጎማ የውስጥ ላስቲክ፣ ጠፍንጎ አሰረው። የገበያው ሰው «ዋሽንት የምትነፋ መኪና» እያለ ሊያያት ይመጣ ነበር። ለአቀበት ብቻ የምትገባዋ፣ ቀይ ራስ ያላት አጭር ማርሽ ደግሞ ዝጋ አልንቀሳቀስ ስላለች፣ በዘይት እያራሰ ሲነቀንቃት ብዙ ሰነበተ።

እናቴ ምሳቸውን በእኔ እጅ ትልክ ነበር። ክርስቲያንና እስላም ሥጋ አብረው ስለማይበሉ፣ በፍስክም ጊዜ ቢሆን ሽሮና ጎመን ብቻ ነበር የምትልከው፤ ሁለቱ ከአንድ ሳህን እንዲበሉ። ሁሴንም እየጎረሰ፣ «የጥሩነሽ ጾም ደግሞ መፈሰኪያ የለውም» ይላል። አባቴ ሲስቅ ያየሁት በእነዚያ ቀኖች ነው።

ያልዳነው የእጅ ፍሬኗ ነበር። የእግሩም ቢሆን ጭነት ሲበዛባት የሚታመን አልነበረም። ስለዚህ ታኮ አስፈለገ፤ መኪና ዳገት ላይ ስትቆም ወደ ኋላ እንዳትንሸራተት ከጎማዋ ሥር የሚጣል ጉማጅ ነው። ሁሴን ከወይራ ሥር ጠረበው። ሲጨርስ አንስቼ አየሁትና፣ «ማንገቻ ይኑረው። የሚጥለው ሰው እጁ ጎማው ሥር እንዳይገባ» አልሁ። በዚያ ቦታ አፌን ስከፍት የመጀመሪያዬ ነበር።

«አንቺ ደግሞ ማን ነሽ?» አለኝ ሁሴን።

«ድንጉጧ።»

ግራ እጁን ዘርግቶ አሳየኝ። ሁለት ጣት ይጎድለዋል። «አንዲት ድንጉጥ አጠገቤ ብትኖር እነዚህ ጣቶቼ ዛሬም ነበሩ» አለና፣ ከበሬ ቆዳ ጠፍር ቆርጦ ማንገቻ አበጀለት። ታኮ ጣይዋ እኔ እንድሆን አባቴን የነገረውም እሱ ነው። አያ በላቸው ይህን ሲሰሙ፣ «ሴት ልጅ? ያውም ድንጉጧን? ምነው ሞላ፣ ልጄን ልስጥህ፤ ደፋር ነው» አሉ። አባቴም፣ «ደፋር ወደ ፊት ነው የሚያየው፣ አያ በላቸው። እኔ የምፈልገው ጎማዬን የሚያይ ሰው ነው» አላቸው።

በዚያን ቀን ጠዋት ወደ ወገዳ ስወርድ እናቴ እስከ ደጅ ሸኘችኝ። ስለ ጀግንነት አንድም ቃል አልወጣትም። «የታኮውን ጠፍር በእጅሽ ላይ እንዳትጠመጥሚው። ያዥው እንጂ አትታሰሪበት» ብቻ አለችኝ። ሦስት ጊዜ አስደገመችኝ።

መኪናዋ ሞተሩንና ድንጋዮቹን ተሸክማ፣ በቀርከሃዋ እየተነፈሰች፣ ወንዙን ተሻገረች። አቀበቱ ሥር ስንደርስ ግን ክርክር ተነሣ። የደቦው ሰዎች በሬ ከፊት ይጎትታት አሉ። አባቴ በሬና ሞተር እኩል እንደማይራመዱ ቢነግራቸው ሰሚ አጣ።

«ሞተርህን አላውቀውም፤ ዳልቻን ግን አውቀዋለሁ» አሉ አያ በላቸው።

አባ ወልደ ማርያምም ሁለቱን ወገን ሰምተው፣ «ሞላ ልጄ፣ ሰው የሚያምነው ይታሰርለት» አሉ። ሁለቱ በሬዎች ተጠምደው በረጅም ጠፍር ከፊቷ ታሰሩ።

ግማሹን ያለ ችግር ወጣን። ታዲያ የረሳነው ነገር ነበር። ዓመቱን ሙሉ ለቤተ ክርስቲያኑ ምሰሶ የሚሆነው ግንድ ተጎትቶ የወጣው በእነዚሁ በሬዎች ነው፤ በየጉዞው አጋማሽ ላይ፣ ከጠማማዋ ሾላ ሥር እያሳረፉ ጭድ ይሰጧቸው ነበር። ይህን የማያውቅ ሰው አልነበረም። ያን ቀን ግን ለማንም ትዝ አላለውም፣ ከበሬዎቹ በቀር። ሾላዋ ሥር ሲደርሱ ቀጥ ብለው ቆሙ። ቦታው የአቀበቱ ክፉ ክፉው ነው። አያ በላቸው ጅራፋቸውን ቢያጮኹ ዳልቻ ጭዱን እየጠበቀ ራሱን ነቀነቀ። አባቴ እንዳይገጫቸው ፍሬን ረገጠ። ሞተሩ ጠፋ። ከዚያ ከመኪናዋ ሥር እንደ ሲቃ ያለ ድምፅ ተሰማ።

ሰው ሁሉ የሚያየው ወደ ላይ፣ በሬዎቹን ነበር። እኔ በሬ አላየሁም። ከወንዙ ጀምሮ ዓይኔን ከቀኙ ጎማ ላይ አላነሣሁም። ጎማው ላይ አንዲት ነጭ የጭቃ ቁራጭ ተለጥፋ ነበርና፣ ወደ ፊት ዞራ ስትመጣ እሷን ነበር የምቆጥረው። ቁራጯ መንገዷን ትታ ወደ እኔ ስትመለስ አየሁ። ታኮውን ጣልሁት። ጎማው ወጣበት፤ ጠፍሩ መዳፌን ልጦ ከእጄ ወጣ፤ መኪናዋ ተንገጫግጫ ቆመች። ጠምጥሜው ቢሆን ኖሮ እጄ አብሮ ይሄድ ነበር።

ወደ ላይ ሳይ ዳልቻ ወደ ኋላ ተጎትቶ በጉልበቱ ተንበርክኳል። ሁሴን ዘሎ ወርዶ የበሬዎቹን ጠፍር በቢላዋ በጠሰው። አባቴ መሪውን እንደጨበጠ፣ ፊቱ አመድ መስሎ፣ «ይዟል?» አለ።

«ይዟል» አልሁት። ድምፄ እንዲያ ሲጸና ሰምቼው አላውቅም ነበር።

አያ በላቸው ጅራፋቸውን ጣሉ። ትልቅ ድንጋይ ታቅፈው ወረዱና ከግራው ጎማ ኋላ ቆሙ። «ድንጉጧ፣ የት ልጣለው?» አሉኝ።

«እኔን አይዩ፣ አያ በላቸው፤ ጎማውን ይዩ። እኔ ስል ይጣሉ» አልኋቸው። ለታላቅ ሰው እንዲያ አዝዤ አላውቅም፤ እሳቸውም ያልኋቸውን ሁሉ አደረጉ። አባቴ ቀይ ራሷን ማርሽ አስገባ። መኪናዋ በአራቱም ጎማዎቿ መሬቱን እየቧጠጠች፣ ጥቂት እየሄደች፣ ጥቂት እየቆመች፣ በበሬ ሳይሆን በራሷ ጉልበት ወጣች። በቆመች ቁጥር እኔ ከቀኝ፣ አያ በላቸው ከግራ እንጥላለን። ጫፉ ላይ እናቴ መዳፌን ገልብጣ አየችና «ጠመጠምሽው?» አለች። «አልጠመጠምሁትም» አልኋት። ያን ጊዜ መሬት ላይ ተቀመጠች።

ወፍጮው ሲተከል ደብተሬ ከቆጥ ወረደ፤ ጠርዙን አይጥ በልታው ነበር። እስከ ስድስተኛ ክፍል ተማርሁ፤ መንደራችን ከዚያ በላይ አልነበረውም። ትንሽ ነው የሚለኝ ካለ ይበለኝ። ይህን የምጽፈው በእሱ ነው።

አሁን አህያ ፈጅ ጠጠር ፈስሶበታል፤ ባጃጅ ሳይቀር ይወጣዋል። ሾላዋ መንገዱ ሲሰፋ ተቆርጣለች። ወጣቶቹ ስሙንም ረስተው «ዳገቷ» ነው የሚሉት። መኪናዋ አባቴ ካረፈ በኋላ ተፈታታ አለቀች። እናቴም የለችም። ታኮው ግን እኔ ዘንድ ነው፤ ጎማው የበላው ጠርዙ እንደ ተፈገፈገ አለ። የበኩር ልጄ ከመካነ ኢየሱስ ደብረ ታቦር የጭነት መኪና ይነዳል። በወጣ ቁጥር ታኮ መያዙን ወንበሩ ሥር አይቼ ነው በሩን የምዘጋለት።

«እማ፣ የእጅ ፍሬን አለው እኮ» ይለኛል።

«ይኑረው» እለዋለሁ።

ልጆቼ ይስቁብኛል፣ ጎረቤትም ይስቅብኛል። ድሮ አፍር ነበር፤ አሁን አላፍርም። ፈሪ ለናቱ ነው ይላሉ። እኔ ያየሁት ሌላ ነው። ያን ቀን የተረፈው አባቴም ነው፣ ሁሴንም ነው፣ ዳልቻም ነው፣ የመንደሩ ሴት ወገብ ሁሉ ነው። ደፋሮቹ ሁሉ ወደ ላይ ሲያዩ ጎማውን ያየሁት እኔ ነበርሁ፤ ዛሬም አያለሁ።

ሁሴን ወገዳን ከለቀቀ ቆይቷል። ነፋስ መውጫ ጋራዥ ከፍቷል ሲሉ ሰምቼ ነበር፤ መንገዱ አስቸጋሪ ሆኖ ስልኩም ከተቋረጠ ወዲህ ግን ወሬው ጠፋኝ። ቀጭን ነው፤ ከግራ እጁ ሁለት ጣት ይጎድለዋል፤ ዛሬ ሽማግሌ ሆኗል። ያያችሁት ወይም ስለ እሱ የሰማችሁ ካላችሁ፣ ደህና መሆኑን እባካችሁ ንገሩኝ።