ጣሳ የተደፋባት ጫጩት

ዛሬ ጧት ከጣራው ጠፈፍ የሚወርደው ጠብታ በግቢዬ የተደፋውን ባዶ ጣሳ ሲመታ ሰማሁ። ድምፁም በንጉሡ ዘመን ወደነበረው የሱሉልታ ቤታችን መለሰኝ።

የሰባት ዓመት ልጅ ነበርሁ። ጭልፊት መጣ ብዬ ስሮጥ፣ ላድናት ያሰብኋትን ጫጩት ራሴ ረገጥኋት። እንደ እርጥብ ጥጥ መዳፌ ላይ ተዘረጋች፤ ሙቀቷ ግን ገና አልጠፋም ነበር። ለቅሶዬን የሰሙት ጎረቤታችን ኦቦ ደገፋ አጥሩን ተሻግረው መጡ። ጫጩቷን መሬት ላይ አስተኝተው የዘይት ጣሳ ደፉባትና ቀጭን እንጨት ሰጡኝ። ራሷን የሳተች ጫጩት ጣሳ ተደፍቶባት ሲመታ ትነቃለች ይባል ነበር።

«በል ጉርባ፣ በል አንተ ልጅ፣ ምታ፤ ግን ቀስ ብለህ። እስክትጮኽ እንዳታቆም።»

እናቴ ከደጃፉ ሆና፣ «አይ ኦቦ ደገፋ! ለሞተች ጫጩት ከበሮ ያስመታሉ?» አለቻቸው።

«ለጫጩቷ ጣሳው ይበቃታል፤ እንጨቱ ለልጁ ነው» አሉ። ነገሩ አልገባኝም።

እጄ እስኪዝል መታሁ፤ እንባዬም ሳላውቀው ደረቀ። በመጨረሻ ከጣሳው ሥር ቀጭን ጩኸት ተሰማ። ኦቦ ደገፋ ጣሳውን ሲያነሱት፣ አንድ እግሯን እየጎተተች እናቷ ክንፍ ሥር ገባች።

ኋላ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ስለ እንስሳት ስማር፣ ያነቃት ጨለማውና ዕረፍቱ እንጂ የእኔ መምታት እንዳልነበር ተረዳሁ። የእንጨቱን ነገር ግን ማንም አላስተማረኝም።

ዝናቡ ሲያባራ ወጣሁ። ከሥሩ ምንም እንደሌለ እያወቅሁ፣ ጎንበስ ብዬ ጣሳውን በቀስታ አነሳሁት።