በጃንሆይ አምላክ የተከፈተው የመርከብ በር

ባለፈው እሑድ ቤቴል ባለው ቤቴ ከልጅ ልጄ ከሳሮን ጋር ፈንዲሻ እየቆረጠምን አንድ የቆየ የሰርጓጅ መርከብ ፊልም በቴሌቪዥን እናይ ነበር።

«አባባ፣ ካፒቴኑን ሲመርጡ ተሳስተዋል፤ ፊቱ እኮ የቄስ ነው» አለችኝ።

ሌላ ጊዜ ቢሆን እስቅ ነበር። በካፒቴን አመራረጥ ግን የቆየ ቁስል አለብኝ።

የጃንሆይ ዘመን ሊያበቃ ጥቂት ዓመታት ቀርተውት ነበር። ኮልፌ ስምንተኛ ክፍል ስማር፣ መምህራችን አቶ ይልማ ፒያሳ ሲኒማ ቤት ያዩትን የሰርጓጅ መርከብ ታሪክ ለትምህርት መዝጊያ በቲያትር እንድንሠራው አሰቡ። መርከቡን ከባዶ በርሜልና ከአሮጌ ቆርቆሮ ሠራነው፤ መሪውን አየር ጤና ካለ ጋራዥ ለምነን አመጣን። ታሪኩ ቀላል ነው። መርከቡ ይመታል፣ ውሃ ይገባል፤ ካፒቴኑ ሌሎቹን ለማዳን ሲል አንዱን መርከበኛ ውስጥ ትቶ በሩን ይዘጋል። የሚዘጋበት እኔ ነበርኩ። እንግዶች መጥተው ከወደዱት መሀል ከተማ ትልቅ አዳራሽ እንደምናሳየው ተነግሮናል። እኔ ደግሞ ያኔ ቲያትረኛ ከመሆን በቀር ሌላ ሕልም አልነበረኝም።

ለካፒቴንነት ሁላችንም የጠበቅነው ዘውዱን ነው፤ ኳስ ሜዳ ላይ ሲገላምጥ ዳኛው ፊሽካውን የሚረሳለት ልጅ። አቶ ይልማ ግን ገዛኸኝን መረጡ። ገዛኸኝ ዶሮ ሲታረድ ጓሮ የሚሸሸግ ሆደ ቡቡ ነው።

«ጋሼ፣ እሱ እንዴት አድርጎ በር ይዘጋብኛል?» አልኳቸው።

«ዘውዱ ቢዘጋው ማን ይደነግጣል? የሚያስደነግጠው የዋህ ፊት ያለው ሰው ሲዘጋው ነው» አሉኝ።

ቀኑ ደረሰ። ሰኔ ነበርና ዝናቡ የአዳራሹን ቆርቆሮ ይደበድበዋል፤ ሰው ሁሉ የኮልፌን ጭቃ በጫማው ተሸክሞ ገብቷል። እናቴ ዳቦ ቆሎ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ከፊት ተቀመጠች። ከጎጃም ከመጣች ወዲህ ቲያትር ስታይ የመጀመሪያዋ ነው።

ገዛኸኝ በሩን መግፋት ጀመረ። እኔም እንደ ልምምዳችን «ካፒቴን፣ አትዝጋብኝ!» እያልኩ ጮኽኩ። ጥሩ አድርጌ ጮኼ መሆን አለበት።

«በጃንሆይ አምላክ! አንተ ልጅ፣ በጃንሆይ አምላክ ክፈትለት!»

እናቴ ቆማለች። በዚያ ዘመን እንዲህ የተባለ ሰው፣ ዱላ አንሥቶ እንኳ ቢሆን፣ ባለበት መቆም ነበረበት። ገዛኸኝም ቀጥ አለ። እኔን አየ፣ እሷን አየ፤ ከዚያ በሩን ወለል አድርጎ ከፈተና «እሺ እማማ» ብሎ እጅ ነሣ።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እንግዶቹ ዓይናቸውን በመሐረብ ይጠርጋሉ። ያን ጊዜ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ወደ ትልቁ አዳራሽ የወሰደንም የለም።

እናቴ በፊት ለፊቱ በር ስትጠብቀኝ እኔ በጓሮ ወጥቼ በዝናብ ብቻዬን ሄድኩ። ቤት በስብሳ ገባች።

«ምነው ልጄ፣ ስጠብቅህ?» ብላ ዳቦ ቆሎውን ፈታችልኝ። ረጥቦ ነበር።

«አሳፈርሽኝ!» አልኳት።

«ጨዋታ መሆኑ ጠፍቶኝ መሰለህ? ድምፁ ግን ያንተ ነበር» አለች። ዳቦ ቆሎውን ሳልነካው ተኛሁ።

ከዚያ ጃንሆይ ወረዱ። ዘመኑ ተገለበጠና እኔም እንደ ብዙ እኩዮቼ ታሰርኩ። አንድ ጠዋት የእስር ቤቱ ግቢ ውስጥ ቆሜ ከበሩ ማዶ ድምፅዋን ሰማሁ።

«በሕግ አምላክ! ልጄን አሳዩኝ!»

ጠባቂው ፊቱ የዋህ የሆነ ወጣት ነበር። «ይሂዱ እማማ» አላት በትሕትና፣ በሩንም ዘጋው። አቶ ይልማ ልክ ነበሩ። እሷ ደጋግማ ጮኸች፤ የሳቀም የከፈተም አልነበረም። «አሳፈርሽኝ» ያልኳት ቃል ያን ጠዋት አንገቴን አስደፋኝ፤ ተፈትቼ ስወጣም ይቅርታ ለማለት አፌ አልታዘዘልኝም። አሁን እሷም የለች።

በቴሌቪዥኑ ያ የቄስ ፊት ያለው ካፒቴን የብረቱን በር ገፋው። ሳሮን ፈንዲሻውን ትታ እጄን ጭምቅ አደረገችው። ያ የእናቴ «በጃንሆይ አምላክ፣ ክፈትለት!» አፌ ላይ ደርሶ ነበር። የልጅ ልጄን አፈርኩና ዋጥኩት።

በሩ ተዘጋ።