የሒሳብ ደብተሬ ገጾች

«ደብዳቤው የኔ ነው፤ ስጪኝ እንጂ ሚጣ!»

«ለባለቤቱ ካልሆነ አልሰጥም!» አልኋት ወደቡ ላይ፣ ቢጫ ጃንጥላ ይዛ ከጀልባ የወረደችውን ሴትዮ። እኔ ክፍል ውስጥ እንኳ እጄን የማላወጣ ልጅ ነኝ። ታላቅ እህቴ ግን፣ «ከጎርጎራ በጀልባ፣ ቢጫ ጃንጥላ ይዞ ለሚመጣ ሰው ብቻ ስጪ፤ የምወደው ሰው ነው» ብላኛለች።

እኔ የምጠብቀው ወንድ ነበር።

«የሱን ጃንጥላ ከየት አመጣሽው?» ብዬ አፋጠጥኋት።

ሴትዮዋ ስቃ ቦርሳዋን ከፈተች። «ፍቅሬ» ብለው የሚጀምሩ ብዙ ደብዳቤዎች አሉ። ጽሕፈቱ የእህቴ፣ ወረቀቱ የኔ የሒሳብ ደብተር! ዓመቱን ሙሉ «ማን ቀደደው?» እያልሁ ያለቀስሁበት።

ደብዳቤውን ሰጠኋት። ቆማ አነበበችው። የመመለሻዋ ጀልባ ጡሩንባ ነፋች።

«ልታመልጥሽ ነው!» አልኋት።

እሷ ግን ጃንጥላዋን ዘርግታ ወደ ቤታችን በሚወስደው መንገድ ሄደች።