የአባ ጀማል ጀርባ

ትናንት ከሥራ ስገባ ቡችላዬ ዘሎ ነጭ ሸሚዜ ላይ ሁለት የጭቃ መዳፍ አተመብኝ። የእርጥብ ፀጉሩ ሽታ መንደራ ቆጪ ሰፈር ወዳለው የልጅነት ቤታችን በር መለሰኝ።

ውሻችን ቦራ ሰው ባየ ቁጥር እየዘለለ ይንጠለጠል ነበር። አንድ ቀን ጎረቤታችን አባ ጀማል ውዱእ አድርገው ወደ መስጊድ ሲሄዱ ጀለቢያቸውን በጭቃ አበላሸው። አባቴ በኀፍረት፣ "ነገ ዛሬ ሳልል ደዶ ገጠር ላለው ወንድሜ እልከዋለሁ!" አለ። እኔ አለቀስኩ።

አባ ጀማል ግን፣ "ተወው፣ ሰላም እያለኝ ነው" አሉት። "ስትገፉት ጨዋታ ይመስለዋል። ጀርባችሁን ስጡት።"

እሳቸው ውሻ አይነኩም። በየቀኑ ከሶላት ሲመለሱ በራችን ላይ ጀርባቸውን ሰጥተውት ይቆማሉ። አራቱም እግሮቹ መሬት ሲይዙ ብቻ ዞረው፣ "ማሻአላህ ቦራ!" ብለው ቁራሽ ዳቦ ይወረውሩለታል። ውሎ አድሮ መዝለሉን ተወ።

"ውሻውስ ተማረ" አሉኝ እየሳቁ፤ "የሚከብደው ያንቺ መማር ነው።" ያኔ አልገባኝም።

ትናንት ለቡችላዬ ጀርባዬን ሰጠሁት። ከኋላዬ አለቃቀሰ። እስከ አሥር ልቆጥር ብዬ ሁለት ላይ ዞርኩ።