ጎማ ያለው የውሻ ግቢ

ዲሪባ የቆርቆሮውን በር ሲያንኳኳ ውድነሽ ገና ፊቷን እየታጠበች ነበር። ፎጣውን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ወጣችና ከፈተችለት። ዲሪባ ከአጥሩ ማዶ የሚኖር፣ ስድስት በጎችና አንዲት ላም ያለው፣ ነገር የማያበዛ ጎረቤቷ ነው። ያን ቀን ጠዋት ጠቦት ታቅፎ ቆሟል። የጠቦቷ የኋላ እግር በደም ተነክሯል።

«አዴ ውድነሽ፣ የእርስዎ ውሾች ናቸው» አለ። ድምፁን ከፍ አላደረገም። «ከአጥሩ ሥር ምሰው ገቡ። ሲሸሹ በዓይኔ አይቻለሁ።»

ውድነሽ አልተከራከረችም። «ያስገቧት» አለችና የበረንዳውን ጠረጴዛ ጠርጋ ጋዜጣ አነጠፈችበት። ጡረታ ስትወጣ ይዛው የመጣችውን አሮጌ የቆዳ ቦርሳ ከአልጋው ሥር ጎትታ አወጣች። ቁስሉን አጠበች፣ አዮዲን ቀባች፣ አራት ቦታ ሰፋች፣ መርፌ ወጋች። ዲሪባ የጠቦቷን ራስ ይዞ እጇን ብቻ ይመለከት ነበር።

«ትድናለች፤ አጥንቷ አልተነካም» አለች ስትጨርስ። «ለደረሰው ሁሉ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ኦቦ ዲሪባ።»

«እኔ ይቅር ብያለሁ።» ጠቦቷን አንሥቶ ሊወጣ ሲል ቆም አለ። «ግን ከታች ያሉት ጎረቤቶችም ዶሮ አለቀብን እያሉ ነው። ትናንት ሰብሰብ ብለን ስናወራ መርዝ የሚል ነገር ተነሣ። እኔም እዚያው ነበርኩ፤ ዝም አልኩ። ከሌላ ሰው ከሚሰሙት ከኔ ቢሰሙት ይሻላል ብዬ ነው።»

እሱ ከሄደ በኋላ ውድነሽ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። ሦስቱ ውሾች ጭራቸውን እየቆሉ መጥተው ከበቧት። የቡሬ አፍንጫ ላይ ገና እርጥብ አፈር ነበር።

ውድነሽ ሥልሳ ሁለት ዓመቷ ነው። ሳጉሬ ተወልዳ፣ በእንስሳት ጤና ሠልጥና፣ ሠላሳ ሦስት ዓመት ሙሉ ከአሰላ እስከ በቆጂ ያለውን ደጋ መጀመሪያ በእግርና በፈረስ፣ ኋላ በሞተር ሳይክል አዳርሳዋለች። ከብት ስትከትብ፣ በግ ስታክም፣ የተጣመመ ጥጃ ከላም ማህፀን ስትስብ ኖራለች። ገበሬው «ዶክተሯ» ይላታል፤ እሷ «ዶክተር አይደለሁም» ማለቱን ገና በአምስተኛው ዓመት ሰልችታ ትታዋለች። አሁን አሰላ ዳር፣ ጭላሎ ፊት ለፊት በሚታይበት ቦታ፣ ባሏ ከመሞቱ በፊት በሠራው ቤት ከውሾቿ ጋር ትኖራለች። እናቲቱን ዳማን ባጃጅ ገጭቷት፣ እግሯ ተሰብሮ ቦይ ውስጥ ወድቃ ነው ያገኘቻት። ዳማ ድና ስትወልድ አራቱን ቡችሎች ለሰው ሰጥታ ሁለቱን፣ ቡሬንና ጃክን፣ አስቀረች።

መርዝ የምትለው ቃል ግን አልለቅ አለቻት። ሥራ በያዘች በሁለተኛው ዓመት፣ በአንዲት ትንሽ ከተማ ባለቤት የሌላቸው ውሾች በዙ ተብሎ መርዝ የተቀባ ሥጋ እንዲበተን ታዘዘ። ባልዲውን የያዘችው እሷ ነበረች። በማግስቱ አንዲት ሴት የሞተ ውሻዋን በነጠላ ጠቅልላ መጣችና «ይሄ ባለቤት የለውም?» ብላ ጠየቀቻት። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለ ሥራ ሲመጣ «እኔ መከተብ ነው የማውቀው» እያለች እምቢ አለች። በዚህ የተነሣ ከአንድ ሁለት አለቃ ጋር ተኳርፋለች።

«እሰሪያቸዋ፣ እማ» አለቻት አዳማ የምትኖረው ልጇ ናዝሬት በስልክ።

«ታስሮ የሚውል ውሻ አንገቱ ይላጣል፤ ጠባዩም ይበላሻል። መዋያ ነው የምሠራላቸው» አለች ውድነሽ፤ ስልኩንም ዘጋች።

መጀመሪያ በራሷ እጅ ሞከረች። አጠና ተክላ፣ የዶሮ ሽቦ ጠምጥማ፣ ከአሮጌ ሣጥን በር ሠርታ፣ ሦስቱን አስገብታ እጇን ልትታጠብ ገባች። ስትመለስ ቡሬ በረንዳው ላይ ተጋድሞ ጠበቃት። ሌሎቹም ብዙ አልቆዩም።

አልተናደደችም። በርጩማ አምጥታ፣ ደብተር ይዛ፣ ጉድጓዱን ደፍና መልሳ አስገባቻቸውና ሲወጡ ለማየት ተቀመጠች። ቡሬ የትም አይቆፍርም፤ አጥሩ መሬት የሚነካበትን መስመር አሽትቶ እዚያው ላይ ነው የሚምሰው። ጃክ መቆፈር አይወድም፤ በሩን በአፍንጫው እየገፋ ይፈትናል፣ መወርወሪያውን በጥርሱ ይስባል። ዳማ ደግሞ ሁለቱ እስኪደክማቸው ጠብቃ ትዘላለች። በዚያ በተሰበረ እግሯ የሰው ደረት የሚደርስ አጥር ታልፋለች ብሎ ማን ያስባል? ውድነሽ ብቻዋን ሳቀች። ሁሉንም ጻፈች፣ በጎኑም በእርሳስ ሥዕል ሣለች።

ደብተሩን ይዛ እንደሻው ጋ ሄደች። እንደሻው ወደ ሳጉሬ በሚወስደው መንገድ ዳር በርና መስኮት የሚበይድ፣ ሥራውን የሚወድ፣ ክርክር ደግሞ ከሥራውም በላይ የሚወድ ሰው ነው። ሥዕሉን ገልብጦም አቃንቶም አየው።

«ይሄማ ቀላል ነው፣ እትዬ። አራቱን ቋሚ በሲሚንቶ እንተክላለን፣ መሬቱን ሊሾ እናደርጋለን፤ በቃ።»

«መንቀሳቀስ አለበት።»

«ማን? ውሻው?»

«ግቢው።»

እንደሻው የብየዳ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቀለ። «ለምን ተብሎ?»

«ሦስት ውሻ አንድ ቦታ ሳምንት ከከረመ ሣሩ ያልቃል። ሐምሌ ሲገባ ያ ቦታ ጭቃ ነው። ጭቃው ከኩሳቸው ጋር ይቦካል፤ ከዚያ የሆድ ትል ነው፣ የእግር ቁስል ነው፣ ሽታ ነው። ሊሾው ደግሞ በዚህ ብርድ ያቆራምዳቸዋል። በየሁለት ቀኑ አዲስ ሣር ላይ ካዋልኳቸው ግን ያ ሁሉ የለም። ፀሐይ ስፈልግ ፀሐይ፣ ጥላ ስፈልግ ጥላ።»

«ታዲያ ይሄ ቤት ነው ወይስ ጋሪ?»

«ሁለቱንም አድርገው።»

በሳምንቱ ስትመለስ ግቢው ቆሞ ነበር። ርዝመቱ አራት ሜትር፣ ከፍታው ከሰው በላይ፣ ከላይም ከጎንም በመረብ የተሸፈነ። ያምራል። ግን ለማንሣት ከየሱቁ ስድስት ሰው ተጠርቶ ነው ከመሬት ላቅ ያለው።

«እኔ ብቻዬን ካልገፋሁት ተሠርቷል አልልም» አለች ውድነሽ።

«እትዬ፣ ብረት እኮ ነው! ብረት ይከብዳል።»

«ቀጭን ብረት የለም?»

እንደሻው ሁለት ቀን አኩርፎ ሰነበተ። በሦስተኛው ቀን ግን ራሱ ደወለላት። ወፍራሙን ቋሚ አውጥቶ ውስጡ ክፍት በሆነ ቀጭን ብረት፣ በቱቦላሬ ለውጦታል። ከጓሮው የተጣለ የእጅ ጋሪ አግኝቶ ሁለቱን ጎማዎች ከሚያያይዛቸው ዘንግ ጋር በአንደኛው ጫፍ አስገብቷል። አንድ ረጅም እጀታ ወደ ታች ተጭነው ሲቆልፉት ጎማዎቹ መሬት ይረግጡና ግቢው አራት ጣት ያህል ይነሣል፤ ሲለቁት ተመልሶ መሬቱ ላይ ልክክ ይላል። በሌላው ጫፍ ሁለት መያዣ አለ፤ መሐላቸው ገብቶ፣ ጫፉን አንሥቶ መግፋት ነው። ማንም አልነገረውም፤ ከራሱ ያወጣው ነበርና በኩራት አሳያት።

ለቡሬ ሲባል ከግድግዳው ሥር ሁለት ክንድ ስፋት ያለው መረብ ወደ ውስጥ ታጥፎ መሬቱ ላይ ተነጠፈ። የሚቆፍር ውሻ የሚቆመው እዚያው መረብ ላይ ነው፤ ሣሩ ግን በቀዳዳው ብቅ ይላል። ለጃክ ሲባል በሩ ወደ ውስጥ እንዲከፈት ተደረገ፤ ቢገፋው ይብሱን ይዘጋል። መቀርቀሪያውም ሁለት ሆኖ በውጭ ገባ። ጣሪያው ግማሹ በሸራ ተሸፈነ፤ ቆርቆሮ ቢሆን ዝናብ በወረደ ቁጥር ውሾቹን ያስበረግግ ነበር። በመጨረሻ ውድነሽ በእያንዳንዱ የብየዳ ቦታ ላይ መዳፏን እያሻሸች ዞረች። እጇን የቧጨረው ሁሉ እንደገና በግራይንደር ተላገ።

«ለሙሽራ አልጋ እንኳ እንዲህ አልተጠነቀቅሁም» አለ እንደሻው።

ግቢው ቤቷ በደረሰበት ቀን ቡሬ ገና እንደገባ ማዕዘኑን አሽትቶ መማስ ጀመረ። ጥፍሩ መረቡን ነካ። ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ሞከረ፤ እዚያም መረብ ነው። ቀና ብሎ ውድነሽን አያት፣ ዙሪያውን አንድ ጊዜ ዞረ፣ ከዚያ ሸራው ሥር ሄዶ በረጅሙ ተነፈሰና ተኛ። ጃክ በሩን ሲገፋ ዋለ። ዳማ ወደ ላይ አንጋጣ ጣሪያውን አየችና ነገሩን ተወችው።

ክረምቱ እንዲህ አለፈ። ጠዋት ጠዋት አብረዋት የቤቱን ግቢ ይዞራሉ፤ እሷ ገበያ ስትወጣ ወይም ሥራ ሲይዛት መዋያቸው ይገባሉ። በየሁለት ቀኑ ውድነሽ እጀታውን ተጭና ቆልፋ፣ መያዣዎቹ መሐል ገብታ፣ ቦቲዋን መሬቱ ውስጥ ቸክላ ትገፋለች። ውሾቹም ውስጡ ሆነው ከግድግዳው ጋር እኩል ይራመዳሉ። የተለቀቀው ሣር በሳምንቱ ያቆጠቁጣል። ዲሪባ ማታ ማታ በጎቹን ሲያስገባ በአጥሩ ላይ ብቅ ይልና «ዛሬ ደግሞ ወዴት ተዛወራችሁ?» ይላል። ጠቦቷ ድና መዝለል ጀምራለች። ከታች ያሉት ጎረቤቶችም ስለ ዶሮ ማውራት ተዉ።

መስከረም ሲያልቅ ከከተማው ወጣ ባለ መንደር ያበደ ውሻ ሁለት ሰው ነከሰ። ሰዎቹ በጊዜ ተከትበው ተረፉ፤ ድንጋጤው ግን በየሰፈሩ ገባ። ለውሾች ነጻ ክትባት ተዘጋጀ፣ የባለሙያ እጥረት ስለነበር ውድነሽም እንድታግዝ ተጠየቀች። ደስ ብሏት እሺ አለች፤ ግን ችግሩን ታውቀዋለች። መርፌው ቀላል ነው፤ አስቸጋሪው መያዙ ነው። ሰው ውሻውን በገመድ እየጎተተ ይመጣል፣ ውሾቹ ይጣላሉ፣ ገመዱ ይበጠሳል፣ ግማሹ ሳይከተብ ይመለሳል።

ይህን በአጥሩ ላይ ለዲሪባ ስታወራው እሱ የውሾቹን ግቢ አየት አደረገ።

«ያንን ለምን አንወስደውም?»

«ወዴት?»

«ወደሚከተቡበት ሜዳ። ጎማ አለው አይደል?»

በማግስቱ ጠዋት ሁለቱ እየገፉ በኮብልስቶኑ ላይ ሲወርዱ ሰው ከየበሩ ወጥቶ አየ። ባጃጆች ዳር ይዘው አሳለፏቸው። ሜዳው ላይ አቆሙትና ውድነሽ አሠራሩን አስረዳች፦ ባለቤቱ ከውሻው ጋር ይገባል፣ ዲሪባ በሩን ይዘጋል፣ ባለቤቱ ውሻውን እያባበለ ወደ ግድግዳው ያስጠጋል፣ እሷ ከውጭ ሆና በመረቡ ቀዳዳ ጭኑን ትወጋለች። ውሻው ከየት እንደተወጋ እንኳ ሳያውቅ ያልቃል። የመጀመሪያዎቹ አምስቱ ሳይጮኹ ሲወጡ፣ ርቀው ቆመው የነበሩት ሁሉ መጠጋት ጀመሩ።

ከቀትር በኋላ ቀለሟ የምትባል፣ መንገድ ዳር ድንችና ጎመን የምትሸጥ ሴት መጣች። አንድ ጆሮው የተቆረጠ ቀይ ውሻ ያለ ገመድ ይከተላታል።

«ባለቤት የለውም» አለች እንደማፈር ብላ። «መንገድ ላይ ነው የሚያድረው። ጠዋት ጠዋት ግን እኔ አጠገብ ይተኛል። ይከተባል?»

ውድነሽ መርፌ የያዘ እጇን ዝቅ አደረገች። «ይከተባል» አለች።

ቀለሟ ዳቦ ቆርሳ ይዛ ገባች፣ ውሻውም ተከትሏት ገባ። የክትባት ካርዱ ሲሞላ «የማን ተብሎ ይጻፍ?» ብላ ጠየቀች ቀለሟ።

«ያመጣው ሰው ነው የሚጻፈው» አለች ውድነሽ።

ሴትዮዋ የውሻውን ራስ ዳበስ አደረገች። «እንግዲያስ በኔ ይጻፍ» አለች። ካርዱን በላስቲክ ጠቅልላ ጉያዋ ከተተችው።

ዲሪባ በሩን ይዞ እንደቆመ፣ ውድነሽን ሳያያት፣ «ያን ጊዜ መርዝ ሲባል ዝም ማለት አልነበረብኝም» አለ።

«መጥተው ነገሩኝ እኮ» አለች። «ዝም አላሉም።»

በሁለት ቀን መቶ ሥልሳ ሦስት ውሻ ተከተበ። እንደሻው ራሱ ሁለተኛውን ቀን መጥቶ፣ ለጠየቀውም ላልጠየቀውም «የኔ ሥራ ነው» እያለ ሲያስረዳ ዋለ። ዲሪባም ለጠቦቶቹ የሚሆን፣ ከፍታው ዝቅ ያለ ግቢ እንዲሠራለት እዚያው ላይ ከእሱ ጋር ተነጋገረ።

ወደ ቤት ሲመለሱ ገና ፀሐይ ነበር። ውድነሽ እጇ ዝሎ ነበር፤ ግን የባዕድ ውሻ የረገጠውን እንዳለ መተው አልሆነላትም። በረኪና በጥብጣ እያንዳንዱን ብረት በብሩሽ ፈተገች፣ በንጹሕ ውሃ አለቀለቀች፣ ሸራውን አወረደችና ዘርግታ አሰጣች። መዋያቸው ሜዳ ስለነበር ሁለት ቀን ዕቃ ቤት የከረሙትን ውሾቿን ለቀቀቻቸው። እየተሯሯጡ የቤቱን ግቢ ሁሉ ዞሩት፤ ጃክ የሸራውን ጫፍ ይዞ ሊጎትት ሲል ተቆጣችው።

በሩን እስኪደርቅ ወለል አድርጋ ትታው ነበር። ሻይዋን ይዛ ደረጃው ላይ ስትቀመጥ ዳማ እያነከሰች ሄዳ፣ ማንም ሳይጠራት ገባችና የከሰዓቱ ፀሐይ የሚያርፍበትን ማዕዘን መርጣ ተኛች። ውድነሽ ሻይዋን እየጠጣች ነገ የትኛው ሣር ላይ እንደሚውሉ በዓይኗ ትፈልግ ጀመር። ከጥዱ ዛፍ ሥር ያለው ለምልሟል፤ እዚያ ይሻላል አለች።