ሁለተኛ የወጣችው ልጅ

ከሪማ ደምበጫ ውስጥ ጨርቃ ጨርቅ ትሸጣለች። የእኔ የልብስ ስፌት ቤት ከእሷ ሱቅ ጋር ግድግዳ ይጋራል። ያን ቀን የጮኸችውን ጩኸት መጀመሪያ የሰማሁትም እኔ ነኝ።

የገበያ ቀን ነበር፤ ሰባት ሰዓት ገደማ። መቀሴን ጥዬ ስሮጥ አማቷ እማ ሐዋ ከጓዳው መሬት ላይ ተዘርረዋል። ልብሳቸው በላብ ርሷል፤ ከሪማ ስማቸውን ደጋግማ ብትጠራ አይሰሙም። ባጃጅ ላይ ጭነን ጤና ጣቢያ አደረስናቸው። ግሉኮስ ተሰካላቸውና ከጥቂት ጊዜ በኋላ ዓይናቸውን ገለጡ።

ነርሷ ታየች ከሪማን ወደ ጎን ጠራቻት።

«ስኳራቸው ከመጠን በላይ ወርዷል። ኪኒኑን በቀን ስንት ጊዜ ነው የሚወስዱት?»

«ሦስት ጊዜ። ጠዋት፣ ቀትርና ማታ።»

«ማን ነው እንዲህ ያለሽ?»

«ፋርማሲው ፖስታው ላይ ጽፎታል።»

ፖስታውን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ይዛው ነበር። ታየች ተቀብላ አየችው፤ ከዚያ የከሪማን ፊት አየች። «ጠዋት ብቻ ነው የሚለው» አለች።

ከሪማ እዚያው ኮሪደሩ ላይ፣ ሰው በሚተላለፍበት መሬት፣ ቁጭ አለች።

ከሪማ ማንበብ አትችልም። ገጠር ነው ያደገችው፤ ትምህርት ቤት ደጅ አልረገጠችም። መድኃኒቱ አዲስ ነበር። ባሏ ያሕያ ደብረ ማርቆስ ገዝቶ በሚኒባስ ሾፌር ልኮት፣ እሱ ራሱ በጭነት መኪናው ዕቃ ሊጭን ወደ ደጀን አልፏል። ፖስታው ሲደርስ ያነበበችላት ልጇ ጀነት ናት። ጀነት አሥር ዓመቷ ነው፤ አራተኛ ክፍል። ባለፈው ዓመት ከሰማንያ ሰባት ተማሪ ሁለተኛ ወጥታ፣ ካርዷ በላስቲክ ተሸፍኖ ሱቁ ውስጥ ተሰቅሏል። ጨርቅ ሊገዛ የመጣ ሁሉ ካርዱን ሳያይ አይወጣም ነበር።

ጀነት ከትምህርት ቤት ስትመጣ ከሪማ አልመታቻትም፤ አልጮኸችባትም። ፖስታውን ሰጠቻትና «እስቲ አንብቢልኝ» አለቻት።

ልጅቷ ሳታመነታ «ጠዋት፣ ቀትርና ማታ» አለች።

ከሪማ የልጅቷን የአማርኛ መጽሐፍ አውጥታ መሃሉን ገለጠች። ጀነት ጣቷን ከመስመር ወደ መስመር እያስኬደች፣ ድምጿን ከፍ ዝቅ እያደረገች ታነበንበው ጀመር። ስለ አንዲት ጥንቸልና ስለ ጅብ ነበር፤ ደስ ይላል። ከሪማ ግራ ገባት። እውነት ይሁን ውሸት በምን ትለየዋለች? ግድግዳውን መትታ ጠራችኝ። «ፋንታነሽ፣ ነይ እስቲ፣ ይህን እይልኝ።»

በልጅቷ ትከሻ በኩል አየሁ። ገጹ ላይ ያለው ስለ ንብ ቀፎ ነው። ጥንቸል የሚባል ነገር የለበትም።

ምን ልበል? «ከሪማ» አልኳት፣ «የምትለው እዚህ አልተጻፈም።»

የጀነት ጣት መስመሩ ላይ ቆመ። «ፊደሎቹን ለየብቻ አውቃቸዋለሁ» አለች። «ሲገጣጠሙ ነው የሚጠፉብኝ።»

በማግሥቱ አብሬያት ትምህርት ቤት ሄድኩ። መምህር አንሙት ትሑት ሰው ነው፤ ቆሞ ተቀበለን። ከሪማ ሰላምታውን እንኳ በቅጡ ሳትጨርስ ጠየቀችው።

«መምህር፣ ልጄ ማንበብ አትችልም። ያውቃሉ?»

«አውቃለሁ» አለ።

እኔ ደነገጥኩ። ይክዳል ብዬ ነበር የጠበቅሁት።

«ታዲያ ሁለተኛ የወጣችው በምን ነው?»

«ከሰሌዳ ስትገለብጥ ስሕተት የላትም። የነገርኳትን ቃል በቃል ትይዛለች። አትረብሽም። እንደሷ ያሉት ብዙ ናቸው እመቤቴ፤ ከክፍሉ አሟልተው የሚያነቡት አሥር ቢሞሉ ነው። እያንዳንዱን ልጅ አስነብቤ ልስማ ብል አንድ ዙር ሳልጨርስ ሳምንቱ ያልቃል።»

«የእርስዎስ ልጅ? የእርስዎ ልጅ ታነባለች?»

አንሙት መሬት መሬት አየ። «የእኔ ልጅ እዚህ አይደለችም። ደብረ ማርቆስ እህቴ ዘንድ ናት። ካቶሊኮቹ፣ ሲስተሮቹ ጋ ነው የምትማረው።»

አንሙትን እሑድ እሑድ ቅዳሴ ላይ አየዋለሁ፤ ጾም የማይስት ኦርቶዶክስ ነው። 

ከዚያ በኋላ ከሪማ ከሲስተሮቹ ትምህርት ቤት ሌላ ነገር አላሰበችም። ያሕያ በስልክ «አንቺ ታውቂያለሽ፤ እኔ መንገድ ላይ ነኝ» አላት። የባሏ ታላቅ ወንድም አብዱልአሊም ግን ወሬውን እንደሰማ ሱቅ ድረስ መጣ። አብዱልአሊም ክፉ ሰው አይደለም፤ ጀነትን ቁርዓን ያስጀመራት እሱ ነው።

«ከመስቀል ሥር ልታስቀምጫት ነው?» አላት።

«ጋሼ፣ ማንበብ አትችልም እኮ!»

«ማንበብ ቢዘገይም ይመጣል። ዲኗ ከሄደ ግን ማን ይመልሰዋል? አንቺ ነሽ አላህ ፊት የምትጠየቂው።»

ይህ ቃል ከሪማን ወጋት። ቢሆንም ሐሙስ ዕለት ጀነትን ይዛ ደብረ ማርቆስ ወረደች። የትምህርት ቤቱ ኃላፊ ሲስተር ወለተ ሚካኤል ቢሮ አስገቡአቸው። ከሪማ ገና ሳትቀመጥ «ልጄን ታጠምቋታላችሁ?» አለች።

«አናጠምቃትም» አሉ ሲስተሯ። «ሻሿንም አታወልቅም። እኛ ስንጸልይ ዝም ብላ ትቆማለች። መስቀሉ ግን እዚያ ግድግዳ ላይ አለ፤ አላወርደውም። ይህን አይተሽ ወስኚ።»

ከዚያ ጀነትን ለብቻዋ ወስደው ፈተኗት። ሲመለሱ «እንቀበላታለን» አሉ፤ «አንደኛ ክፍል።»

ከሪማ በደንብ ያልሰማች መሰላት። «አራተኛ ናት እኮ! አሥር ዓመቷ ነው። ከስድስት ዓመት ሕፃን ጋር ልትቀመጥ?»

«አውቃለሁ፣ ይከብዳል። ስታነብ ወዲያው ከፍ እናደርጋታለን። አራተኛ ክፍል ባስገባት ግን ያንኑ መደበቋን ትቀጥላለች። እስካሁን ስትደብቅ ነው የኖረችው።»

ሲመለሱ ሚኒባሱ ውስጥ ጀነት እስክትወርድ ፊቷን ከመስኮቱ አልመለሰችም። ከሪማም አልወሰነችም።

እማ ሐዋ እስከዚያ ቀን ምን እንደጣላቸው አያውቁም ነበር፤ መድኃኒቱ አልስማማ ብሎ ነው ተብለዋል። ያን ዕለት ጀነት ከሚኒባሱ እንደወረደች በቀጥታ አያቷ ፊት ሄዳ ቆመች።

«እማ፣ ያሳመምኩዎት እኔ ነኝ። ወረቀቱን አላነበብኩትም፤ ከራሴ ነው የተናገርኩት።»

አሮጊቷ ፈዘው ቀሩ።  ከሪማ እንደገና የሚወድቁ መስሏት ልትይዛቸው ተጠጋች።

«ለምን አላውቅም አላልሽም?» አሉ በመጨረሻ።

«ሁሉም ሰው ጎበዝ ናት ስለሚል።»

እማ ሐዋ ከዘራቸውን ይዘው ተነሡ፤ በእርጋታ ወደ ሱቁ ወጡ፤ የተሰቀለውን ካርድ ከነላስቲኩ ገነጠሉት። ሚስማሩ ሳይቀር ተነቅሎ ወደቀ። ካርዱን ለከሪማ አስያዟትና «አንሺልኝ ይህን» አሉ።  ለሁለት ቀን ከጀነት እጅ ውኃ እንኳ አልተቀበሉም። በሦስተኛው ቀን «ትሂድ» አሉ፤ «ግን እኔን ፈርታ እንዳይሆን።»

ከሪማ ያን ጊዜ ወሰነች። ጀነት ደብረ ማርቆስ አክስቷ ፈውዚያ ቤት ገባች። አብዱልአሊም ከዚያ ወዲህ የከሪማን ሱቅ ደጃፍ አልረገጠም፤ ሰላምታውም ከሩቅ ሆኗል። ነገር ግን በፈውዚያ ሰፈር አንዲት ኡስታዛ ፈልጎ፣ ልጅቷ ቅዳሜና እሑድ ቁርዓኗን እንድትቀጥል ያደረገው እሱ ነው። ለከሪማ አልነገራትም፤ የሰማችው ከፈውዚያ ነው።

ባለፈው ሰሞን፣ ሴቶች ጨርቅ ለማስለካት በከሪማ ሱቅ ተሰልፈው፣ እኔም እዚያው ሳለሁ ጀነት ከትምህርት ቤቱ ስልክ ደወለች። ከሪማ ሜትሯን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ፣ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«እንዴት ነሽ ልጄ? ትምህርቱስ?»

«ደህና ነው። ልጆቹ ግን 'እማዬ' ይሉኛል።»

«ማንን? አንቺን?»

«ትልቅ ስለሆንኩ። ጫማቸው ሲፈታ እኔ ጋ ይመጣሉ። ዛሬ ለአራት ልጅ አስሬያለሁ። አንዱ ደግሞ አለቀሰብኝ፣ እናቴን አምጪ ብሎ።»

ከሪማ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ልትስቅ ይሁን ልታለቅስ እኔም አልገባኝም። «ትምህርት ቤቱን ትጠያለሽ?» አለቻት።

 «ጫማ ማሰሩን አልጠላም» አለች፤ ቀጥላም ደወል እንደተደወለ ተናግራ ስልኩን ዘጋችው።

ከሪማ ስልኩን እያየች ቆመች። ፊት ለፊቷ የተሰለፉት ሴቶች ጨርቃቸውን ይዘው ይጠብቃሉ፤ ማንም «ቶሎ በይ» አላላትም።